በሬቪት የጣሪያ ማዕዘን አልገጥም ሲል፦ ምክንያቱን የመፈለጊያና የማስተካከያ መመሪያ

ሬቪት በተባለው የሕንፃ መንደፊያ ፕሮግራም ጣሪያ ሲነደፍ ከሚያጋጥሙ ችግሮች ሁሉ ብዙ ሰዓት የሚበላው የማዕዘን አለመግጠም ነው። በፕላን ላይ ሲታይ ሁሉም ነገር የተስተካከለ ይመስላል፤ ወደ ባለ ሦስት አውታር እይታ ሲሻገሩ ግን በአንዱ ማዕዘን ላይ የሚገናኙት ሁለት የታዛ ጠርዞች አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብለው ይታያሉ፣ ወይም በታዛው ጫፍ ላይ የሚመታው ሳንቃ፣ ማለትም ፋሻ ቦርዱ፣ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ቆይቶ ማዕዘኑ ጋ ሊደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው በድንገት ወደ ታች ይሰበራል። ይህን ያየ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው በቀጥታ ወደ ማዕዘኑ ነው፤ መስመሩን ይጎትታል፣ ጫፉን ይቆርጣል፣ ሲመረው ደግሞ ክፍተቱን በትንሽ ተጨማሪ ጣሪያ ይሸፍነዋል። ማዕዘኑ ግን ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። ማዕዘኑ የሚያሳየው ውጤቱን ሲሆን፣ ውጤቱን የሚወስኑት ጣሪያው በግድግዳው ላይ የሚያርፍበት ከፍታ፣ የተዳፋቱ መጠንና የታዛው ስፋት ናቸው። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች በሁለቱ ጎኖች ላይ ካልተስማሙ የትኛውም ዓይነት መጎተት ማዕዘኑን አይገጥመውም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ሬቪትን ለሚጠቀሙ አርክቴክቶች፣ ድራፍተሮችና ተማሪዎች ነው። «ታዛ» ስል ከግድግዳው ውጭ የሚወጣውን የጣሪያ ክፍል፣ «ጠርዝ» ስል አሸንዳ የሚሰቀልበትን የታዛውን ጫፍ፣ «የማረፊያ ከፍታ» ስል ደግሞ ፕሮግራሙ ፕሌት የሚለውን፣ ጣሪያው ግድግዳው ላይ የሚቀመጥበትን ከፍታ ማለቴ ነው። ሁለት የጣሪያ ገጾች በወጣ ማዕዘን ላይ የሚገናኙበትን መስመር ሂፕ፣ በገባ ማዕዘን ላይ የሚገናኙበትን ቫሊ፣ ከላይ ያለውን አግዳሚ መስመር ሪጅ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ በየቢሮውም በየሳይቱም የሚጠሩት በዚሁ ስማቸው ነውና።

አስቀድሞ መያዝ ያለበት ስሌት

ጣሪያው ከማረፊያው ተነሥቶ ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር ዝቅ ይላል። ጠርዙ ከማረፊያው በስንት ዝቅ እንደሚል ለማወቅ የታዛውን ስፋት በተዳፋቱ ታንጀንት ማባዛት ይበቃል። ለምሳሌ ታዛው 60 ሴ.ሜ፣ ተዳፋቱ 30 ዲግሪ ከሆነ ጠርዙ ከማረፊያው በ34.6 ሴ.ሜ ዝቅ ይላል። ተዳፋቱ ወደ 45 ዲግሪ ከተለወጠና ታዛው 60 ሴ.ሜ እንደሆነ ከቀረ ዝቅታው 60 ሴ.ሜ ይሆናል። እንግዲህ ማረፊያቸውም ታዛቸውም እኩል የሆነ ሁለት ጎኖች፣ ተዳፋታቸው 30 እና 45 ዲግሪ በመሆኑ ብቻ፣ ጠርዞቻቸው በ25.4 ሴ.ሜ ይለያያሉ ማለት ነው። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች በአብዛኛው የሚያርፉት በዚህችው ስሌት ላይ ስለሆነ ስልክዎ ላይ ካልኩሌተር ከፍተው ቢቀመጡ ይረዳዎታል።

1ኛ እርምጃ፦ ልዩነቱን በቁጥር መለካት

ምንም ነገር ከመንካትዎ በፊት የፋይሉን ቅጂ ያስቀምጡ። ከዚያ የጣሪያውን ፕላን ይክፈቱና አኖቴት ከሚለው ትር ስፖት ኤሌቬሽን የሚለውን መሣሪያ ይምረጡ። ችግር ባለበት ማዕዘን በሁለቱም ጎኖች ጠርዙ ላይ ከፍታ ያንብቡ፤ በእያንዳንዱ ጎን አንዱን ነጥብ ከማዕዘኑ 1 ሜትር ያህል ራቅ አድርገው፣ ሌላውን ማዕዘኑ ሥር ያስቀምጡ። ራቅ ያለው ነጥብ የሚያስፈልገው ማዕዘኑ ሥር ያለው ንባብ ስለሚያሳስት ነው፤ የአንደኛው ጎን ገጽ የሌላውን ጎን ጠርዝ አቋርጦ የሚያልፈው እዚያው ላይ ነውና።

ራቅ ብለው የተቀመጡት ሁለት ነጥቦች የተለያየ ከፍታ ካሳዩ ችግሩ የቁጥር ነው፤ ከ3ኛው እስከ 6ኛው ባሉት እርምጃዎች ውስጥ መልሱን ያገኙታል። እኩል ሆነው ማዕዘኑ ግን ከተበላሸ የመሠረት መስመሩን፣ ማለትም ጣሪያው የተሠራበትን የዙሪያ መስመር (2ኛ እርምጃ)፣ ወይም የጠርዙን አቆራረጥ (7ኛ እርምጃ) ይጠርጥሩ። ሁለቱ ጎኖች ጭራሹን የሁለት የተለያዩ ጣሪያዎች አካል ከሆኑ ወደ 8ኛው ይለፉ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሬቪት የሚያሳየው ቁጥር በፕሮጀክቱ መለኪያ ቅንብር መሠረት የተጠጋጋ ነው። በማያ ገጹ ላይ 30 ዲግሪ ተብሎ የሚነበበው በውስጡ 30.2 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዩ እና ኤን የሚሉትን ፊደሎች ተከታትለው በመጫን የመለኪያ ቅንብሩን ይክፈቱና ርዝመቱንም ማዕዘኑንም ተዳፋቱንም ቢያንስ እስከ ሁለት አሃዝ ከነጥብ በኋላ እንዲያሳይ ያድርጉ። ችግሩ ሲፈታ መልሰው ማጠጋጋት ይችላሉ።

2ኛ እርምጃ፦ የመሠረት መስመሩን መመርመር

ጣሪያውን ይምረጡና ኤዲት ፉትፕሪንት የሚለውን ይጫኑ። ሐምራዊው የመሠረት መስመር ሲወጣ በየማዕዘኑ አቅርበው ይመልከቱት። መስመሮቹ የተዘጋ ቅርጽ መሥራት አለባቸው፤ ክፍት ከሆኑ ፕሮግራሙ ራሱ አልጨርስም ብሎ ክፍቱን ቦታ ስለሚያሳይ እሱ ብዙም አያስቸግርም። ቲ እና አር በሚሉት ፊደሎች በሚጠራው የመቁረጫና የማራዘሚያ መሣሪያ ሁለቱን መስመሮች አገናኝቶ ማለፍ ነው።

የሚያስቸግረው ፕሮግራሙ ዝም ብሎ የሚቀበለው ስሕተት ነው። የመጀመሪያው የተከፈለ መስመር ነው። አንድ ግድግዳ በሁለት ቁራጭ ከተሠራ በላዩ የሚያርፈው የጣሪያ መስመርም ሁለት ይሆናል፤ ሁለቱ ቁራጮች በአንድ መስመር ላይ ስለተኛ በዓይን አይለዩም፣ ነገር ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ተዳፋትና የራሳቸው ከፍታ አላቸው። አንዱን ብቻ አስተካክሎ መውጣት የተለመደ ነው። ሁለተኛው የተጣመመ ግድግዳ ነው፤ ይህ በተለይ ከአውቶካድ በመጣ ሥዕል ላይ እየተከተሉ ሲሠሩ ይከሰታል። 10 ሜትር የሚረዝም ግድግዳ በ0.2 ዲግሪ ብቻ ቢጣመም ጫፉ በ3.5 ሴ.ሜ ይስታል። ግድግዳው ሳይመረጥ በላዩ ቀጥ ያለ የጣሪያ መስመር ከተሠመረ ታዛው በአንደኛው ጫፍ 60፣ በሌላው 56.5 ሴ.ሜ ይሆናል ማለት ነው። ሬቪት «መስመሩ ከአቅጣጫው በመጠኑ ወጥቷል» የሚል ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ ዘግቶ ማለፍ የብዙዎቻችን ልማድ ነው፤ ለጣሪያ ሲሆን ግን ባይዘጋ ይሻላል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ምልክት አለ። አራት ማዕዘን እኩል የሆነ ቤት ላይ አራቱ ሂፖች በአንድ ነጥብ መገናኘት ሲገባቸው አናቱ ላይ ትንሽዬ ሪጅ ካዩ ቤቱ እኩል አይደለም፤ ተዳፋቱ በአራቱም ጎን አንድ እስከሆነ ድረስ የሪጇ ርዝመት የሁለቱ ጎኖች ልዩነት ነው። 10 ሜትር በ10.03 ሜትር የሆነ ቤት የ3 ሴ.ሜ ሪጅ ይወጣዋል። እንዲህ ያለውን ግድግዳው ላይ ያስተካክሉት እንጂ ጣሪያው ላይ አይልፉ።

3ኛ እርምጃ፦ የእያንዳንዱን መስመር ቁጥር መጻፍ

አሁንም በኤዲት ፉትፕሪንት ውስጥ እንዳሉ፣ በተበላሸው ማዕዘን የሚገናኙትን ሁለት መስመሮች አንድ በአንድ ይምረጡና በባሕርያት ሰሌዳው ላይ ያለውን ያንብቡ። ተዳፋት የሚሰጥ መስመር መሆን አለመሆኑን፣ የተዳፋቱን መጠን፣ የታዛውን ስፋትና የማረፊያውን ከፍታ ወረቀት ላይ ይጻፉ። አጻጻፉ ተራ ነገር ይመስላል፤ ሆኖም ከመስመር ወደ መስመር ሲዘሉ በቃል የተያዘ ቁጥር እንደሚሳሳት ደጋግሜ አይቻለሁ።

ሲጽፉ የሚያገኙት የቁጥሩ ስም እንደ መስመሩ አሠራር ይለያያል። ፒክ ዎልስ በሚለው፣ ማለትም ግድግዳውን በመምረጥ የተሠራ መስመር፣ ኦቨርሃንግ የሚል የታዛ ቁጥር እና ፕሌት ኦፍሴት ፍሮም ቤዝ የሚል የማረፊያ ቁጥር ይኖረዋል። በእጅ የተሠመረ መስመር ግን የታዛ ቁጥር የለውም፤ ኦፍሴት ፍሮም ሩፍ ቤዝ የሚል የከፍታ ቁጥር ብቻ ይኖረዋል፣ ከፍታውም የሚቆጠረው መስመሩ ራሱ ባለበት ላይ ነው። ችግሩ የሚመጣው በአንድ ጣሪያ ላይ ሁለቱ ሲደባለቁ ነው። ሦስቱን ጎን ግድግዳ በመምረጥ ሠርተው አራተኛውን በእጅ ካሠመሩት፣ ሁለቱም ቁጥሮች ዜሮ ቢሆኑ እንኳ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጎኖች ዜሮ የሚሉት ግድግዳው ላይ ሲሆን አራተኛው ዜሮ የሚለው ጠርዙ ላይ ነው። በ60 ሴ.ሜ ታዛና በ30 ዲግሪ ተዳፋት አራተኛው ጎን ከሌሎቹ ቢያንስ በ34.6 ሴ.ሜ ከፍ ብሎ ይቀራል። መፍትሔው በእጅ የተሠመረውን አጥፍቶ ያንንም ጎን ግድግዳ በመምረጥ እንደገና መሥራት ነው። አራተኛውን ወደ ታች በቁጥር ማውረድም ያስኬዳል፤ ነገ ግድግዳው ሲንቀሳቀስ ግን መስመሩ አብሮት ስለማይሄድ እኔ አልመክረውም።

4ኛ እርምጃ፦ የግድግዳውን ውፍረት መጠየቅ

የተጻፉት ቁጥሮች በሁለቱም ጎን ፍጹም አንድ ሆነው ጠርዞቹ በ2 ወይም በ3 ሴ.ሜ ከተለያዩ ወደ ግድግዳው ይመልከቱ። በጣሪያው ባሕርያት ውስጥ ራፍተር ኦር ትረስ የሚል ምርጫ አለ፤ የሚሠራውም ግድግዳ በመምረጥ ለተሠራ ጣሪያ ነው። ራፍተር ከተመረጠ የማረፊያው ከፍታ የሚለካው ከግድግዳው የውስጥ ፊት ነው፤ ትረስ ከተመረጠ ከውጭ ፊት ነው። ታዛው ደግሞ በሁለቱም የሚለካው ከውጭ ፊት ነው። ስለዚህ ራፍተር በተመረጠበት ጣሪያ የግድግዳው ውፍረት ራሱ የዝቅታው አካል ይሆናል።

አንድ ጊዜ ፊት ለፊቱ በድንጋይ የተለበጠ ቤት ነድፌ ነበር። የሦስቱ ጎን ግድግዳ በ20 ሴ.ሜ ብሎኬት የተሠራ ሲሆን የፊቱ ግን ከነድንጋዩ 25 ሴ.ሜ ነበር። ታዛው ዙሪያውን 60፣ ተዳፋቱ 30 ዲግሪ። በጎኖቹ ጣሪያው ከውስጥ ፊት እስከ ጠርዝ 80 ሴ.ሜ ሲሄድ በፊት በኩል 85 ይሄዳል፤ ዝቅታው በጎን 46.2፣ በፊት 49.1 ሴ.ሜ ሆነ። የ2.9 ሴ.ሜ ልዩነት በሥዕሉ ላይ ማንም አላየውም፣ እኔም አላየሁትም። ያየው ከሳይት የደወለልኝ አናጢ ነው፤ «ኢንጂነር፣ ይሄ አሸንዳ በየትኛው ልክ ይሂድ?» ሲል የጠየቀኝ አሁንም ይታወሰኛል። በ100 አንድ ተዳፋት ለሚሄድ አሸንዳ 2.9 ሴ.ሜ ማለት 3 ሜትር ለሚጠጋ ርዝመት የሚበቃ ዝቅታ ስለሆነ፣ ጥያቄው የማይገባ አልነበረም።

ለዚህ ሁለት መውጫ አለ። አንደኛው ምርጫውን ወደ ትረስ መለወጥ ነው፤ ያኔ ከፍታውም ታዛውም ከአንድ ፊት ስለሚለኩ ውፍረቱ ከስሌቱ ይወጣል። ጣሪያው በእርግጥም በካፕሪያታ፣ ማለትም በትረስ፣ የሚሠራ ከሆነ ይኸው ምርጫ ከአሠራሩም ጋር ይስማማል። ሁለተኛው በየመስመሩ ባሕርያት ያለውን ኤክስቴንድ ኢንቱ ዎል የሚለውን ማብራት ነው፤ ይህ ታዛው ከልባጩ ፊት መለካቱ ቀርቶ ከግድግዳው እምብርት፣ ማለትም ከብሎኬቱ እንዲለካ ያደርጋል። ብሎኬቱ በአራቱም ጎን አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ ጠርዞቹ ይገጥማሉ፤ በፊት በኩል ግን ድንጋዩ ከታዛው 5 ሴ.ሜ ስለሚበላ ከውጭ የሚታየው ታዛ 55 ይሆናል። የግድግዳው ዓይነት ሲሠራ እምብርቱ በትክክል ካልተለየ፣ ልስኑና ድንጋዩ እምብርት ውስጥ ተቆጥረው ከሆነ፣ ይህ መንገድ ምንም አያመጣም።

5ኛ እርምጃ፦ ተዳፋቶቹ ሆን ተብለው ከተለያዩ

እስካሁን ያየነው የስሕተት ልዩነት ነው። አንዳንዴ ግን ንድፉ ራሱ ሁለት ተዳፋት ይፈልጋል፤ ፊቱ እንዲቆም፣ ጎኑ እንዲተኛ ይፈለጋል። እዚህ ላይ ቀስ ማለት ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ መፍትሔ የራሱ ዋጋ አለውና።

ቅድም የጠቀስነውን የ30 እና የ45 ዲግሪ ማዕዘን እንውሰድ። የጣሪያውን ውፍረት ለጊዜው ትተን፣ ማረፊያው ከግድግዳው የውጭ ፊት ይለካል፣ ታዛውም በሁለቱም 60 ሴ.ሜ ነው እንበል። ሂፑ በቀጥታ በግድግዳው ማዕዘን ላይ ያልፋል፣ ነገር ግን የታዛው ማዕዘን ላይ አይደርስም። ባለ 45 ዲግሪው ገጽ ባለ 30 ዲግሪውን ጠርዝ ከማዕዘኑ 25.4 ሴ.ሜ ላይ ያገኘዋል፤ ከዚያ ነጥብ እስከ ማዕዘኑ ድረስ ጠርዙ ከአግዳሚ ወጥቶ በ45 ዲግሪ ይወርዳል። በመግቢያው ላይ ያነሣሁት የተሰበረ ፋሻ ቦርድ ይህ ነው።

ሬቪት ለዚህ አላይን ኢቭስ የሚባል መሣሪያ አለው። በኤዲት ፉትፕሪንት ውስጥ ሆነው ሲጫኑት የየመስመሩ የጠርዝ ከፍታ በቁጥር ይወጣል። ከላይ ባለው የምርጫ አሞሌ አድጀስት ሃይት ወይም አድጀስት ኦቨርሃንግ ከሚሉት አንዱን ይመርጣሉ፤ ከዚያ መጀመሪያ እንዲለወጥ የማይፈልጉትን፣ ልክ የሚሆነውን መስመር ይጫኑ፣ ቀጥለው እሱን እንዲከተል የሚፈልጉትን ይጫኑ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የሚለወጠው ያልፈለጉት ጎን ይሆናል።

አድጀስት ኦቨርሃንግ ከተመረጠ የ45 ዲግሪው ታዛ ከ60 ወደ 34.6 ሴ.ሜ ያጥራል። ማረፊያው ሳይነካ ጠርዞቹ ይገጥማሉ፤ ሂፑም ከግድግዳው ማዕዘን ተነሥቶ የታዛው ማዕዘን ላይ ቀጥ ብሎ ያርፋል። በፕላን ላይ ሂፑ 45 ዲግሪ ሆኖ አይታይም፤ ከተኛው ጎን ጠርዝ ጋር 60፣ ከቆመው ጎን ጠርዝ ጋር 30 ዲግሪ ይሠራል። ይህ ትክክል ነው፤ ተዳፋቶች ሲለያዩ ሂፕ ማዕዘኑን እኩል አይከፍልም። ጎኖቹ በ90 ዲግሪ ባይገናኙም፣ ለምሳሌ በ120 ዲግሪ ቢገናኙ እንኳ፣ ሂፕ እኩል የሚከፍለው ተዳፋቶቹ አንድ ሲሆኑ ብቻ ነው።

አድጀስት ሃይት ከተመረጠ ደግሞ ታዛው 60 ሆኖ ይቀርና የቆመው ጎን ማረፊያ በ25.4 ሴ.ሜ ከፍ ይላል። በማያ ገጹ ላይ ውጤቱ ያማረ ነው፤ ታዛው ዙሪያውን እኩል ነው፣ ማዕዘኑም ገጥሟል። ነገር ግን ሂፑ ከታዛው ማዕዘን ተነሥቶ ሲወጣ በግድግዳው ማዕዘን ላይ አያልፍም፤ የቆመውን ጎን ግድግዳ የሚያቋርጠው ከማዕዘኑ 44 ሴ.ሜ ያህል ገባ ብሎ ነው። ኮለኑ (ምሰሶው) ያለው ማዕዘኑ ላይ ነው፣ የሂፑ እንጨት ወይም ብረት የሚያርፈው ግን ከኮለኑ አልፎ ግድግዳውን ከላይ በሚያስረው አግዳሚ፣ በቶፕ ታይ ቢሙ ላይ ይሆናል ማለት ነው። በተጨማሪም በዚያ ጎን ግድግዳው በ25.4 ሴ.ሜ መነሣት ወይም ካፕሪያታው በአጫጭር ቋሚዎች መደገፍ አለበት። ይህን ከስትራክቸር መሐንዲሱ ጋር ሳይነጋገሩ አድጀስት ሃይትን መጫን አያዋጣም። እኔ በበኩሌ ዝናብ የሚመታው ግድግዳ ካልሆነ በስተቀር ታዛውን ማሳጠር እመርጣለሁ።

አድጀስት ኦቨርሃንግ አልሠራ ካለዎት ወደ 3ኛው እርምጃ ይመለሱ፤ የታዛ ቁጥር የሌለውን፣ በእጅ የተሠመረ መስመር እንዲያስተካክል ጠይቀውት ይሆናል።

6ኛ እርምጃ፦ በኤል ቅርጽ ቤት ላይ የሪጅ ከፍታ ልዩነት

ይህ እርምጃ ያልተበላሸውን ላለማበላሸት የተጨመረ ነው። ቤቱ የኤል ቅርጽ ኖሮት አንዱ ክንፍ 8 ሜትር፣ ሌላው 6 ሜትር ስፋት ቢኖረው፣ ተዳፋቱም በሁሉም ጎን 30 ዲግሪ ቢሆን፣ የሰፊው ክንፍ ሪጅ ከማረፊያው 2.31 ሜትር፣ የጠባቡ 1.73 ሜትር ከፍ ይላል። ሁለቱ ሪጆች በ58 ሴ.ሜ ይለያያሉ፤ ጠባቡ ክንፍ የሰፊውን ጣሪያ ወገብ ላይ ይገባበታል። ይህን እንደ ስሕተት ቆጥረው ሪጆቹን ለማስተካከል የሚታገሉ ብዙዎች ናቸው። ስሕተት አይደለም። ጠርዞቹ ዙሪያውን እኩል ናቸው፣ ቫሊውም በትክክል ይወርዳል፤ ስፋታቸው የተለያየ ሁለት ክንፎች በአንድ ተዳፋት ሲከደኑ የሚሆነው ይኸው ነው።

አሠሪው ወይም ንድፉ ሪጆቹ በአንድ ከፍታ ይሁኑ ካለ ግን የጠባቡ ክንፍ ተዳፋት ወደ 37.6 ዲግሪ መውጣት አለበት። ያን ጊዜ የዚያ ክንፍ ጠርዝ በ60 ሴ.ሜ ታዛ 46.2 ሴ.ሜ ዝቅ ስለሚል ከሌላው ከ11 ሴ.ሜ በላይ ይለያያል፤ በአናት የተስተካከለው በማዕዘን ይበላሻል። አላይን ኢቭስን ተጠቅመው የጠባቡን ክንፍ ታዛ ወደ 45 ሴ.ሜ ካሳጠሩት ሁለቱም ይገጥማሉ። ሪጅም ጠርዝም ታዛም ተዳፋትም ሁሉ እኩል ይሁኑ የሚል ጥያቄ ግን የክንፎቹን ስፋት ካልለወጡ በቀር መልስ የለውም፤ ለአሠሪው ይህን በጊዜ መንገር ከብዙ ድካም ያድናል።

7ኛ እርምጃ፦ የጠርዙ አቆራረጥ

ከላይኛውና ከታችኛው ጠርዝ አንዱ ገጥሞ ሌላው ካልገጠመ ጉዳዩ የጣሪያው ውፍረት ነው። 20 ሴ.ሜ የሚወፍር ጣሪያ ጠርዙ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ሲቆረጥ፣ በ30 ዲግሪ ተዳፋት የጠርዙ ቁመት 23.1፣ በ45 ዲግሪ ግን 28.3 ሴ.ሜ ነው። ስለዚህ ተዳፋቶቹ ከተለያዩ ታችኛዎቹ ጠርዞች ቢገጥሙ ላይኛዎቹ በ5 ሴ.ሜ ያህል መለያየታቸው አይቀርም። በጣሪያው ባሕርያት ውስጥ ራፍተር ከት የሚለውን ወደ ቱ ከት ፕላም ለውጠው በፋሺያ ዴፕዝ አንድ ቁጥር፣ ለምሳሌ 15 ሴ.ሜ፣ ይስጡ፤ የፋሻው ቁመት በሁለቱም ጎን እኩል ይሆናል። ከዚያ ላይኛዎቹን ጠርዞች እንደገና በስፖት ኤሌቬሽን ያንብቡ፤ እነሱ ከገጠሙ የታችኞቹም ይገጥማሉ፣ ካልገጠሙ ደግሞ የአንዱን ጎን ታዛ በጥቂቱ መንካት ይቀራል። ጣሪያውን በቆርቆሮው ልክ ስስ አድርገው ካፕሪያታውንና ቆርቆሮው የሚመታበትን አግዳሚ፣ ፐርሊኑን፣ ለብቻ የሚሠሩ ከሆነ ይህ ሁሉ አይመለከትዎትም።

8ኛ እርምጃ፦ ሁለት የተለያዩ ጣሪያዎች ሲገናኙ

ሁለቱ ጎኖች የተለያዩ ጣሪያዎች ከሆኑ መጀመሪያ ሁለቱም የተመሠረቱበት ሌቭል አንድ መሆኑን፣ ቤዝ ኦፍሴት ፍሮም ሌቭል የሚለውም ቁጥር አንድ መሆኑን ይመልከቱ። ከዚያ ሞዲፋይ ከሚለው ትር ጆይን ሩፍ የሚለውን መሣሪያ ወስደው የሚራዘመውን ጣሪያ ጠርዝ ይጫኑ፣ ቀጥለው የሚያርፍበትን ጣሪያ ገጽ ይጫኑ። የሚቻል ከሆነ ግን ሁለቱን አንድ ጣሪያ ማድረግ ይሻላል። በአንድ የመሠረት መስመር ውስጥ ሂፑንና ቫሊውን ፕሮግራሙ ራሱ ያሰላዋል፤ በሁለት ከተከፈለ ግን ግድግዳ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ማገናኘቱ የእርስዎ ሥራ ይሆናል።

በሌሎች ፕሮግራሞች የሚሠሩ ሰዎች መሣሪያው እንጂ ስሌቱ አይለይባቸውም። በአርኪካድ ባለ ብዙ ገጽ ጣሪያ ላይ የማረፊያውን ቦታ የሚይዘው ፒቮት የሚባለው መስመር ነው፤ የየገጹ ተዳፋት ለየብቻ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ተዳፋት በለወጡ ቁጥር የታዛውንም ጠርዝ ማየት ግድ ይላል። በስኬችአፕ ደግሞ ጣሪያው ቁጥር የማያውቅ ገጽ ብቻ ስለሆነ ዝቅታውን በካልኩሌተር አስልቶ፣ ረዳት መስመር አስምሮ መሥራት ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ምርመራ

ሁሉም ሲስተካከል ጣሪያውን ይዝጉና አራቱንም ማዕዘኖች በባለ ሦስት አውታር እይታ ከታች ወደ ላይ ይመልከቱ፤ ከላይ ሲታይ የሚደበቅ ስንጥቅ ከታች ይታያል። ወደ ጣሪያው ያልደረሱ ወይም አልፈውት የወጡ ግድግዳዎች ካሉ አታች ቶፕ በሚለው ያያይዟቸው፤ ይህን ከማስተካከያው በፊት ማድረግ ግን ችግሩን ይሸፍነዋል። በመጨረሻም ለምርመራ ያስቀመጧቸውን የስፖት ኤሌቬሽን ቁጥሮች አያጥፏቸው። በየማዕዘኑ አንድ አንድ አስቀርተው በጣሪያው ፕላን ላይ አብረው ያትሟቸው፣ የየጎኑን ታዛም በሴንቲ ሜትር ይጻፉበት፤ አናጢው ፋሻ ቦርዱን ለመምታት ክር የሚወጥረው ከነዚያ ቁጥሮች ተነሥቶ ነው።